የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመንግሥት ድጋፍ ከጥራጥሬ ማሳ ሲደርስ

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ቦሎቄ ከሚያመርቱ አርሶ አደሮችና ከኅብረት ሥራ ማኅበሮቻቸው የተጻፉ ናቸው። ጥያቄዎቹ ለየቅል ቢመስሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ መንግሥታት ግብርናን ለመደገፍ የሚያወጡት ገንዘብና የሚደነግጉት ደንብ ጥራጥሬ አምራቹ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህሉ ድጋፍ ሆኖ ይቀራል? ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከዘር ወቅት በፊት ለሽምብራ ዝቅተኛ የድጋፍ ዋጋ ይታወጃል። እኔም ይህንኑ ሰምቼ ለሽምብራ የምመድበውን መሬት እጨምራለሁ። ምርቱ ሲደርስ ግን ነጋዴው ከታወጀው በታች ይገዛኛል፤ የመንግሥት ግዥ ጣቢያ ደግሞ ወይ አልተከፈተም፣ ወይ ወረፋው አይደርሰኝም። የዚህ አዋጅ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የታወጀ ዋጋ በእርግጥ ዋጋ የሚሆነው ከጀርባው የሚገዛበት ገንዘብ፣ የሚመዘንበት ሚዛንና የሚከማችበት መጋዘን ሲኖር ነው። በጥራጥሬ አምራችነትም፣ ተመጋቢነትም፣ አስመጪነትም ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው ሕንድ ለ22 ሰብሎች ዝቅተኛ የድጋፍ ዋጋ የምታውጅ ሲሆን፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ የርግብ አተር፣ ማሾና ጥቁር ማሾ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2015 በሻንታ ኩማር የተመራው ከፍተኛ ኮሚቴ ያቀረበው ሪፖርት፣ በድጋፍ ዋጋ ለመንግሥት ግዥ ድርጅቶች መሸጥ የቻሉት አርሶ አደሮች ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። ግዥው ያተኮረው በስንዴና በሩዝ ላይ ነበር፤ መንግሥት በዝቅተኛ ዋጋ ለሕዝብ የሚያከፋፍላቸው እነዚህን ስለሆነ ዘወትር ገዢ አላቸው። ጥራጥሬ ግን መንግሥት በየዓመቱ በተመሳሳይ መጠን የሚወስደው ሰብል ስላልነበረ፣ ግዥው አንድ ዓመት ይሰፋል፣ በሌላው ይጠባል።

በዚያው አገር ቀጥሎ የሆነው ነገር የእርስዎን ጥያቄ በግልጽ ያሳያል። ዝናብ ባጠረባቸው ሁለት ተከታታይ ዓመታት ምርት ቀንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 የጥራጥሬ ዋጋ ሸማቹን እስኪያስጨንቅ ድረስ ናረ። መንግሥት የድጋፍ ዋጋውን ከፍ አደረገ፣ ዝናቡም መልካም ሆነ፤ አርሶ አደሩ ሁለቱንም አይቶ በብዛት ዘራ። ከዓመት በፊት ወደ 16 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው የጥራጥሬ ምርት በ2016/17 የምርት ዘመን ወደ 23 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በዚያው ዓመት ከ6 ሚሊዮን ቶን በላይ ጥራጥሬ ከውጭ ገብቷል፤ ወደ ውጭ መላክ አሁንም የተከለከለ ነበር፤ ነጋዴው በመጋዘኑ ሊይዝ የሚችለው መጠንም በደንብ ተገድቦ ነበር። ስለዚህ አርሶ አደሩ እህሉን ይዞ ገበያ ሲወጣ የርግብ አተር ዋጋ ከድጋፍ ዋጋው በታች ወረደ። አብዝቶ እንዲዘራ የጠራውም፣ ምርቱ መውጫ እንዲያጣ ያደረገውም ያው መንግሥት ነው፤ ሁለቱን ውሳኔዎች የወሰኑት ግን እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ክፍሎች ነበሩ ለማለት የሚያስደፍር ነው።

ከዚህ ትምህርት የተወሰደ ይመስላል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ባጸደቀችው አዲስ የጥራጥሬ መርሐ ግብር ውስጥ፣ ተመዝግበው የሚያቀርቡ አርሶ አደሮችን የርግብ አተር፣ የጥቁር ማሾና የምስር ምርት ለአራት ዓመታት ሙሉ በሙሉ በድጋፍ ዋጋ ለመግዛት ቃል ገብታለች። በእኔ ግምት ከዚህ ቃል ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር «አራት ዓመት» የሚለው ነው፤ አርሶ አደሩ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ማስቀመጥ፣ አለማስቀመጡን የሚወስነው ቀጣዩን ዓመት ማየት ሲችል ነውና።

ስለ ሚዛኑ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልጨምር። በአንድ የግዥ ጣቢያ በር ላይ አንዲት እናት አሥራ አንድ ጆንያ ሽምብራ በጋሪ አምጥተው ተራቸው ደረሰ። መዛኙ ከአንዱ ጆንያ በዘንግ ቀዳ፣ ፍሬውን በእርጥበት መለኪያው ውስጥ ጨመረና ቁጥሩን አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከተፈቀደው በአንድ ተኩል መቶኛ ብቻ ይበልጥ ነበር። አድርቀው እንዲመለሱ ተነገራቸው። የጋሪው ኪራይ ለመመለሻ ሲታሰብባቸው፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ለሚጠብቅ ነጋዴ ከድጋፍ ዋጋው በብዙ ቅናሽ ሸጠው ሄዱ። በመዝገቡ ላይ እኚህ ሴት ድጋፉ የደረሳቸው ናቸው፤ ጣቢያው በአካባቢያቸው ተከፍቷልና። ጣቢያው አጠገብ እህል የሚሰጣበት የሲሚንቶ አውድማና አንድ ሸራ ቢኖር ኖሮ ግን ሁለት ቀን ፀሐይ ብቻ ይበቃቸው ነበር።

አንዳንድ መንግሥታት ከዚህ ጣጣ ለመውጣት እህሉን ከመግዛት ይልቅ በገበያ ዋጋና በድጋፍ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ለአርሶ አደሩ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላሉ። የሕንዷ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 ሞክራዋለች። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ክፍያው በተወሰኑ ሳምንታት ለተሸጠ ምርት ብቻ ሲሆን ሁሉም እህሉን በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ ገዢውም ልዩነቱን መንግሥት እንደሚሞላ ስለሚያውቅ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። በጊዜው የቀረበው ዋነኛ ትችትም ይኸው ነበር።

እንግዲህ ከመዝራትዎ በፊት ስለ ዋጋው ብቻ አይጠይቁ። ጣቢያው የሚከፈትበትን ቀን፣ ከአንድ አርሶ አደር የሚገዛውን ከፍተኛ መጠን፣ የሚቀበለውን የእርጥበት ልክና ክፍያው በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጠይቁ። ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው ካጡ፣ ማሳዎን ሲያቅዱ የታወጀውን ዋጋ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ ሁሉ ምስርና አተር መዝራት እየተዉ ወደ ስንዴ ዞረዋል። በጥራጥሬ ላይ የተጣለ ግብርም ሆነ ክልከላ የለም። ታዲያ ለምን?

መልስ፦ ጥራጥሬን ለማዳከም ጥራጥሬውን መንካት አያስፈልግም፤ አጠገቡ ያለውን ሰብል መደገፍ ይበቃል። ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ ባነሳው ደስ ይለኝ ነበር፤ በድጋፍ ደንቦች ውስጥ ከምንም በላይ የሚረሳው እሱ ነውና።

መሬት አንድ ነው። አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚያወዳድረው ከአንድ ሄክታር ስንዴ የሚቀርለትን ከአንድ ሄክታር ምስር ከሚቀርለት ጋር ነው። ለስንዴ የተሻሻለ ዘር፣ በድጎማ የሚገኝ ማዳበሪያ፣ መስኖ፣ የማይቀር ገዢና ብድር ሲደረደሩለት፣ ምስሩ ግን እንደ ድሮው በዝናብና በራሱ ዘር ሲቀር፣ ውድድሩ ሳይጀመር ተፈርዷል ማለት ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኋላ በሰሜን ሕንድ የሆነው ይኸው ነው፤ ስንዴና ሩዝ በመስኖ፣ በማዳበሪያና በተረጋገጠ ግዥ ሲስፋፉ፣ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍን የነበረው የአካባቢው ሽምብራ በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በታች ወረደ። ሽምብራው ከአገሪቱ አልጠፋም፤ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ስለተገኙ ዝናብ ወደሚያጥርባቸው ወደ መካከለኛውና ደቡባዊው ክፍል ተሰደደ። ለም የሆነውን መሬት ለቅቆ ጭንጫውን ወረሰ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

የተገላቢጦሹ ደግሞ በካናዳ ታይቷል። በምዕራባዊው ሜዳ የሚመረት እህል በባቡር ወደ ወደብ ሲጓጓዝ የነበረው ዝቅተኛ ታሪፍ መነሻው እ.ኤ.አ. የ1897 ስምምነት ሲሆን፣ በኋላም በመንግሥት ድጎማ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1995 ተቋረጠ። የማጓጓዣው ወጪ አርሶ አደሩ ላይ ሲወድቅ፣ ብዙ ቶን ተጭኖ ጥቂት የሚያወጣው እህል አላዋጣ አለ፤ በኪሎ የተሻለ የሚሸጡት ምስርና አተር ግን ኪራያቸውን ቻሉ። በዚያው ሜዳ የምትገኘው የሳስካችዋን ግዛት አርሶ አደሮች ፊታቸውን ወደ ጥራጥሬ ካዞሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር፤ ካናዳም ዛሬ ምስርና አተር ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚዎች አንዷ ናት። በጊዜው ለጥራጥሬ ተብሎ የታወጀ ነገር አልነበረም፤ የተነሳው የሌላው መደገፊያ ነው። ይህን ስል ለጥራጥሬ ሲባል ከስንዴ አምራቹ ላይ ድጋፉ ይገፈፍ ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበትን ነገር በአንድ ሌሊት ማንሳት ጭካኔ ነው። ሆኖም ድጋፉ ለሰብል መሆኑ ቀርቶ ለአርሶ አደሩ ወይም ለመሬቱ ቢሰጥ፣ ምን እንደሚዘራ ራሱ ይመርጥ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሌሎች ሁለት የመንግሥታቱ ድርጅት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ለግብርና አምራቾች የሚሰጠው ድጋፍ በዓመት ወደ 540 ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ፣ ከዚህም 87 በመቶ የሚሆነው ዋጋን የሚያዛባ አልያም ለተፈጥሮና ለኅብረተሰብ ጎጂ እንደሆነ ገልጿል። የጎረቤቶችዎ ውሳኔ የዚህ ትልቅ ቁጥር ትንሽ ክፋይ ነው።

ጥያቄ፦ ዩሪያ በድጎማ በርካሽ ይሰጠናል። ባቄላዬ ላይ ብጨምረው ምርቱ ይጨምራል?

መልስ፦ ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንዱን ተክል በእጅ ሳይነቅሉ ከነአፈሩ በአካፋ ያውጡትና ሥሩን በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርገው ይጠቡት። በሥሩ ላይ ተለጥፈው የሚታዩትን ትናንሽ እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ደም የነካው ይመስል ቀላ ወይም ሮዝ ካለ፣ በውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየሳቡ ለተክሉ እየመገቡት ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ አልያም እባጭ ጨርሶ ከሌለ፣ ሥራው እየተሠራ አይደለም።

በሚስማማው አፈር ላይ የበቀለ ባቄላ በአንድ ሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ከአየር ሊይዝ ይችላል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና ይህ ከሁለት ኩንታል ዩሪያ በላይ ማለት ነው፤ እርግጥ ከፊሉ ከፍሬው ጋር ተጭኖ ከማሳው ይወጣል። ዩሪያ ሲበዛበት ተክሉ የተዘጋጀውን ከአፈር ያነሳና እባጮቹን መመገብ ይተዋል፤ ስለዚህ ነፃ የሆነውን ትተው የገዙትን ይበላሉ። እባጩ ቀላ ካለልዎ ዩሪያውን ለስንዴው ያቆዩት። ባቄላው አብዝቶ የሚፈልገው ፎስፈረስ ነው። ቦሎቄ ከአየር ናይትሮጅን በመያዝ ከሌሎቹ ደከም ስለሚል፣ እሱን በተመለከተ የአካባቢዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

እባጭ ከታጣ መፍትሔው ለሰብሉ የሚስማማው ባክቴሪያ የተዘጋጀበት ሕያው ማዳበሪያ ነው፤ ዋጋው ከዩሪያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የድጋፍ መርሐ ግብሮች ግን ብዙ ጊዜ እንደ ዩሪያ ጆንያ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ወራት ያቆዩታል፤ ሙቀት ባክቴሪያውን ይገድለውና አርሶ አደሩ ዱቄቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሲቀበሉ የማብቂያ ቀኑን ይዩ፤ ዘሩን በጥላ ሥር ይለውሱ፤ በዚያው ቀንም ይዝሩት።

ጥያቄ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሒሳብ ያዥ ነኝ። አምና በጥራጥሬ የውጭ ገበያ ላይ የሌላ አገር መንግሥት በወሰነው ውሳኔ ከሰርን። አባሎቻችን «ለሩቅ አገር መንግሥት ምን አደረግነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ አንድ መንግሥት የራሱን አርሶ አደር ሲደግፍ የሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ይህም በክፋት ሳይሆን በድንገተኛነት እንደሚሆን ይንገሯቸው። ከላይ ያነሳሁት የሕንድ ዋጋ ከወደቀ በኋላ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በአተር ላይ 50 በመቶ፣ በታኅሣሥ በሽምብራና በምስር ላይ 30 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ የሽምብራው በመጋቢት 2018 ወደ 60 በመቶ አደገ። ካናዳና አውስትራሊያ ውስጥ እህላቸውን ለዚያ ገበያ ያዘጋጁ አምራቾች ዋጋቸው ወረደ። ይሁን እንጂ እነሱ ሌላ ገበያ የሚፈልግላቸው ላኪና የሚያቆዩበት መጋዘን ነበራቸው።

የሞዛምቢክ አርሶ አደሮች ግን ይህ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱ መንግሥታት በተፈራረሙት ሰነድ ሕንድ የርግብ አተርና ሌሎች ጥራጥሬዎችን በመጀመሪያው ዓመት 100 ሺህ ቶን፣ በ2020/21 ደግሞ 200 ሺህ ቶን ድረስ እንደምትገዛ ተስማማች። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ተማምኖ ዘራ። በነሐሴ 2017 ግን ሕንድ በምታስገባው የርግብ አተር ላይ ኮታ አወጣች፤ ሞዛምቢክ ውስጥ ከስምምነቱ መጠን በላይ የተመረተው ገዢ አጣ፣ ዋጋውም ወደቀ። ነጋዴው ሲቀር ገበሬው የርግብ አተሩን ለሌላ ገዢ መስጠት አልቻለም፤ በአካባቢው ያን ያህል የሚበላው አልነበረምና።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2023፣ ያችው ሕንድ በአተር ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሳች፤ በዚህን ጊዜ ቅር የተሰኙት የራሷ ሽምብራ አምራቾች ነበሩ፤ ርካሹ አተር የሽምብራን ቦታ ይተካልና። እንግዲህ አንዱ ውሳኔ ለሸማቹ፣ ሌላው ለአምራቹ ተብሎ ይወሰናል፤ ሁለቱም የሚመጡት ዘሩ አፈር ውስጥ ሳለ መሆኑ ነው ትልቁ በደል። ቀረጥ ከዘር ወቅት በፊት ቢታወጅና ለአንድ የምርት ዘመን ባይነካ፣ ከፍ ማለቱም ሆነ ዝቅ ማለቱ እንዲህ ባላጎሳቆለ ነበር።

ለማኅበርዎ የምመክረው ምርቱን ሁሉ ለአንድ ገበያ በሚሆን በአንድ ዓይነት ጥራጥሬ ላይ እንዳያስቀምጥ ነው። ሽያጩ በውል ሲሆን ደግሞ «ቀረጥ ቢቀየር ማን ይሸከማል?» የሚለው በጽሑፍ ይግባ።

ጥያቄ፦ ጥራጥሬ ለዘራ በሄክታር ክፍያ ይሰጣል ተብሏል። በየዓመቱ በዚያው ማሳ አተር ብዘራ ምን ይቀርብኛል?

መልስ፦ ማሳው ይቀርብዎታል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ከውጭ በሚገባ አኩሪ አተር ላይ ያለውን ጥገኝነት ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1978 የአተርና የባቄላ ድጋፍ ጀመረ። ፈረንሳይ ውስጥ የአተር ማሳ እየሰፋ ሄዶ በ1993 ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ደረሰ። አተሩ በየቦታው ቶሎ ቶሎ ሲመላለስ አፋኖማይሲስ የተባለ ሥር አበስባሽ በሽታ ተዛመተ፤ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። የድጋፉ መቀነስ ሲጨመርበት ማሳው በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከሩብ በታች ሆነ። ክፍያው በሄክታር ብቻ ሲሰላ፣ ማፈራረቅን ካልጠየቀ፣ እንዲህ ያለ ዕዳ ያስቀምጣል። ቢያንስ አራት ዓመት፣ በሽታው በታየበት ማሳ ከዚያም በላይ፣ ለሌላ ሰብል ያፈራርቁት፤ ክፍያውን በሌላኛው ማሳዎ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለጥራጥሬ አንድ ድጋፍ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን የቱን ይመርጡ ነበር?

መልስ፦ ዘርን። አንድ ሄክታር ሽምብራ ለመዝራት ወደ አንድ ኩንታል ዘር ያስፈልጋል፤ መልካም ምርት 15 ወይም 20 ኩንታል ቢሆን፣ አንዱ ኩንታል በዓመት የሚያባዛው ይህንኑ ብቻ ነው። አንድ ኩንታል የበቆሎ ዘር ግን ከመቶ ኩንታል በላይ ያስገኛል። በዚያ ላይ ሽምብራና ምስር ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ስለሆኑ አርሶ አደሩ ዘሩን ከጎተራው አንስቶ ይደግማል፤ ስለዚህ የግል ዘር ድርጅት የሚያተርፍበት የለውም። በምርምር ማዕከል የወጣ ጥሩ ዝርያ ዓመታት ቆይቶ እንኳ አርሶ አደሩ ጋ የማይደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የመንግሥት ገንዘብ ሊሞላው የሚገባው ክፍተት ይህ ነው። የሳስካችዋን አርሶ አደሮች ከየሽያጫቸው ተቀናሽ እያዋጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 «ሌርድ» የተባለውን ምስር ያወጣውን የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲን የሰብል ምርምር ማዕከል ይደግፋሉ፤ መንግሥትም ያግዛል።

ማኅበርዎ ይህን በትንሹ ሊጀምረው ይችላል። አራት ወይም አምስት አባላት መሥራች ዘር (ለማባዣ የሚሰጥ ንጹሕ ዘር) ተቀብለው ያባዙ፤ ከሌላ ዝርያ እንዳይደባለቅ አውድማውን ለብቻ ያድርጉት፤ ዘሩን በደንብ አድርቀው ነቀዝ በማያስገባ አየር አልባ ከረጢት ያኑሩት። ከድጋፍ የመጣም ሆነ ከራስዎ የተገኘ ዘር ከመዘራቱ በፊት 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩ። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ይዝሩት፤ ከ70 በታች ከሆነ የዘራችሁበትን ጨርቅ እንደያዛችሁ ዘሩን ወደ ሰጣችሁ ክፍል ወስዳችሁ አሳዩ፣ መለወጫም በዘር ወቅት ውስጥ ጠይቁ።